የእንግዳ ሰው የመጀመሪያ ክረምት

በዚህ ወር ለጥናት የያዝነው ርእስ ከሌላ አገር መጥቶ በእኛ በዋጫና በአካባቢዋ ስለሚኖር እንግዳ ሰው ነው። ለመምህርነት ተመድቦ፥ ወይም የጤና ሠራተኛ ሆኖ፥ ወይም በአገሩ መሬት ጠቦት ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣ ሰው ከዓመት ዓመት አይጠፋም። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ከሆነች ወዲህ ደግሞ መጪው በርክቷል። እኛ ግን እዚሁ ተወልደን ስላደግን፥ ክረምታችን ለማያውቀው ሰው ምን እንደሚመስል አስበንበት አናውቅም ነበር። እንድናስብበት ያደረገን ነገር አለ፤ እርሱን ከታች እንናገራለን።

ለመሆኑ ክረምት ስንል ምን ማለታችን ነው? ከሸዋ ወይም ከወሎ ለመጣ ሰው ክረምት በሰኔ ይገባል፤ በመስከረም ይወጣል። በከፋ ግን ዝናቡ በመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በቀሩትም ወራት ፈጽሞ አይጠፋም። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ከፍተኛውን ምድራችንን ሲያገኝ ውኃውን እዚሁ ያራግፋል። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ቦታ ብዙ ነው። የውሽውሽ ሻይ የሚለመልመው፥ ጫካችንም ቡናና ኮረሪማ የሚያበቅለው በዚሁ ዝናብ ስለሆነ አናማርረውም። በሩቅ አገር ክረምት በረዶ ነው ይባላል፤ የእኛ በረዶ የለውም። ይሁን እንጂ እርጥበት ከብርድ የማይተናነስ ጠላት መሆኑን እንግዳው ቶሎ ያውቀዋል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ ሣጥን ውስጥ ያለ መጽሐፍ ይሻግታል፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከተተ በቆሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እንጨቱ ነው። የእኛ እናቶች ማገዶውን በበጋ ሰብስበው ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ያደርቁታል፤ እሳቱንም ሌሊት በረመጥ ዳፍነው ያሳድሩታል። እንግዳው ግን በዚያው ቀን የገዛውን እርጥብ እንጨት ይዞ ክብሪት ሲጭር ያመሻል።

ሆኖም እርጥበቱን ሰው ይለምደዋል። ክረምቱን ለእንግዳ የሚያከብደው በጓሮው የበቀለ ነገር አለመኖሩ ነው። ይኸን ለመረዳት ከዚህ ቀደም ወደ ከፋ የመጡትን ሰዎች ታሪክ ማየት ይጠቅማል።

በ1977 ዓ.ም. በወሎ፥ በትግራይና በሰሜን ሸዋ ረሀብ በጠና ጊዜ፥ የዚያን ጊዜው መንግሥት አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ዐቀደ። እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ከፋ፥ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተጓጓዘ። ሁሉም በፈቃዱ የሄደ አልነበረም፤ ከቤተሰቡ ተለይቶ የተጫነ ብዙ ነው። በመንገድም፥ ከደረሰም በኋላ ብዙ ሰው ሞቷል። ከደጋ የወረደው ገበሬ ወባን አያውቃትም ነበር። በበሬ ማረስ የለመደ ሰው፥ በሬውን በቆላው ሸለቆ የቆላ ዝንብ የምታመጣው ገንዲ ሲጨርስበት እጁን አጣጥፎ ይቀራል። ጤፍና ማሽላ እንጂ እንሰት በልቶ አያውቅም፤ ጎረቤቱ በእንሰት ተከቦ ሲኖር እርሱ የመንግሥትን ስንዴ ይጠብቅ ነበር። ከመካከላችን የአንዲቱ አባት በልጅነታቸው በዚያ ጊዜ ከመጡት አንዱ ናቸው። ቆጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብላቸው ሽታው አስጠልቷቸው እንደ ነበር ይነግሩናል፤ ዛሬ ያለ ቆጮ ምሳ አይሆንላቸውም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራ ከዚህ ይለይ ነበር። በየክልሉ ውስጥና በፈቃደኝነት ይሁን ተብሎ፥ በሦስት ዓመት 440,000 አባወራ ለማስፈር ታቀደ። ከከምባታና መሬት ከጠበበባቸው ሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ወደ ዴቻ የመጡት በዚህ ነው። ለሰፋሪው እስከ ሁለት ሄክታር መሬትና የስምንት ወር ቀለብ እንዲሰጠው፥ ትቶት የመጣው መሬትም ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት ተወሰነ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን እስቲ ወራቱን እንቁጠር። እንሰት ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ቀለቡ በስምንተኛው ወር ያልቃል፤ የመመለሻውም ተስፋ በሦስተኛው ዓመት ይዘጋል፤ እንሰቱ ገና ልጅ ነው። የከምባታ ሰው እንሰትን ከእኛ ባላነሰ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ተክሉን አያፈጥነውም። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሞላለት ቀድሞ የተከለ ጎረቤት ነው። ጎረቤትየውም ሰፈራው መሬቱንና ጫካውን ያጣበበበት ከሆነ፥ ፊቱን ቢያጠቁር አይፈረድበትም። ይኸ ራሱን የቻለ ከባድ ጥያቄ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር አንድ ቤተሰብ ከሰሜን መጥቶ በሰፈራችን ተከራየ። በመጡበት ሰሞን ተሰብስበን ሄድን፤ ቡና ተፈላ፤ ተጫወትን፤ «እንደ ቤታችሁ ቁጠሩት» ብለን ወጣን። ከዚያ ሰኔ ገባ። ጭቃው በዛ፤ ትምህርትም ፈተናም መጣ፤ አንዳችንም ዳግመኛ ያንን በር አላንኳኳንም። በነሐሴ አጋማሽ ከእኛ አንዱ ዕቃ ሊዋስ ቢገባ፥ እናትየው ለዘር የገዙትን በቆሎ ሲቆሉ አገኛቸው። ትንሹ ልጅ እግሩን ሙጀሌ በልቶት መራመድ አቅቶታል።

«እትዬ፥ ምነው ሳይነግሩን?» ቢላቸው፥
«ማንን ልንገር ልጄ? ቋንቋውን አላውቅ፤ ዝናቡ አባርቶ መች በሬ ተከፈተና!» አሉት።

ይኸን በስብሰባችን ላይ ሲናገር ሁላችንም መሬት መሬት ማየት ጀመርን። አማርኛ የምንናገር ልጆች ከቤታቸው ሃምሳ እርምጃ ላይ ነበርን። ካፊኖኖ የማይችል ሰው ገበያ ወጥቶ እንኳ መከራከር እንደሚቸግረው ማን ጠፋው?

የልጁን እግር በተመለከተ ከጤና ጣቢያው የተረዳነውን ለአንባብያን እናካፍላለን። ሙጀሌው ተነቅሎና ታጥቦ ድኗል። የሚያሰጋው ዝሆኔ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ዝሆኔ ርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በዝናባማ ከፍተኛ ቦታ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ቀዩን አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው። በየቀኑ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል። ስለዚህ ለእንግዳ ከሚሰጥ ስጦታ ሁሉ የጎማ ቦት ይበልጣል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ዘንድሮ በየካቲት አንድ የጤና ባለሙያ ከነባለቤታቸው መጡ። ቡናውን ከመጠጣታችን በፊት ጓሯቸውን ቆፈርን። ጎመኑ በጥቂት ሳምንት ይደርሳል፤ ድንቹ ለሐምሌ ይሆናል፤ ጎደሬው ዓመት ሳይሞላው ይቆፈራል። ከአጥሩ ሥር ደግሞ እናቶቻችን የሰጡንን አሥራ ሁለት የእንሰት ችግኝ ተከልን። ባልየው ችግኞቹን እያዩ፥ «እስኪደርስ እዚህ ልታኖሩኝ ነው እንዴ?» ብለው አሳቁን። የደረቀ እንጨት ከየቤታችን አዋጥተን ቆጣቸው ላይ ደርድረናል።

ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ቅዳሜዎች ሁለት ሁለት ሆነን አዲስ የመጡትን ቤቶች ሁሉ እንድንጠይቅ ተስማምተናል። መመዝገቢያው ወረቀት ከአዳራሹ በር በስተ ቀኝ ተለጥፏል። የሰኔው ሞልቷል፤ የጥቅምቱም ሞልቷል። የሐምሌና የነሐሴ ቅዳሜዎች ግን ይህ ጽሑፍ እስከ ተባዛበት ቀን ድረስ ስም አልሰፈረባቸውም።