የሞተር «ጠቅ ጠቅ»፦ ባልቦላ ነው ወይስ ቢዬላ?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሞተር ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ከማድመጥ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ታገሱኝ።

የአጎቴ ላዳ ታክሲ ጠዋት ሲነሳ «ጠቅ ጠቅ» ማለት ሲጀምር አንድ ጋራዥ ኮፋኖውን ከፍቶ አንዴ አየና «ሞተሩ መውረድ አለበት» አለው። ሞተር ማውረድ ለባለ ታክሲ የጥገና ወጪ ብቻ አይደለም። መኪናው እስኪጠገን ቤት የሚገባ ገቢ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ መለየት አለበት።

ባልቦላውን የሚከፍተው ካምሻፍት የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ግማሽ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር አንድ የላላ ባልቦላ 400 ጊዜ ብቻ ይመታል። ድምፁም ቀጭን ሆኖ ከላይ በኩል ይሰማል። የቢዬላ ድምፅ ግን ወፍራም «ዱግ ዱግ» ነው፤ ከታች ይመጣል፣ ዳገት ላይ ይብሳል። መካኒኮች የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ (ከቬንትሌተሩ መራቅ ነው!)። ሌላው ዘዴ ሞተሩን አጥፍቶ የአንዱን ካንዴላ ገመድ መንቀል፣ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝቶ እንደገና ማስነሳት ነው። ድምፁ ከቀነሰ ጥርጣሬው ወደ ቢዬላ ይሄዳል፤ ካልተለወጠ ወደ ባልቦላ። ከሁሉም በፊት ግን የዘይቱ ልክ ይታይ! ይህን የሚዘለው ሰው ብዛት ይገርማል።

በአሮጌው ላዳ ሞተር የሮከሩና የካሙ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.15 ሚሊሜትር ነው። የሚስተካከለውም በ13 እና በ17 ቁልፍ ነው። የካሙ ጥርስ ምልክት ከላዩ ምልክት ጋር ሲገጥም 8ኛውና 6ኛው ባልቦላ ይስተካከላሉ። ከዚያ ሞተሩ በየግማሽ ዙሩ እየዞረ 4 እና 7፣ 1 እና 3፣ በመጨረሻም 5 እና 2 ይከተላሉ። መለኪያው ስስ ብረት ትንሽ እየያዘ ማለፍ አለበት፤ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላም ደግሞ መለካት ነው፣ ሲጠብቅ ይሸሻልና።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ድምፁን ለማጥፋት ብቻ አጥብቆ የሚያስር አለ። መኪናው ጸጥ ይላል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። ነገር ግን የጠበቀው ባልቦላ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ባልቦላ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ትንሽ ጠቅ የሚል ባልቦላ ከዚህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ክፍተቱ ተስተካክሎ ድምፁ ካልጠፋ ካሙ ወይም ሮከሩ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መለወጥ ግድ ነው። በዘይት ግፊት ራሱን የሚያስተካክል ሃይድሮሊክ ሊፍተር ያላቸው ሞተሮች፣ ለምሳሌ የቶዮታ 2ዜድአር፣ ቆመው ሲነሱ ለጥቂት ሰከንድ ጠቅ ቢሉ አያስደነግጥም። ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ መጀመሪያ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር፣ ቀጥሎ የዘይት ግፊቱ ይለካ። ሊፍተር መግዛት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።