ስሙ ቀረ፣ ቋንቋው ጠፋ

ከዘጌ ዳርቻ ሆነን ጣናን ስንመለከት የደንገል ታንኳ እናያለን። በታንኳ ሥራ የታወቁት ወይጦዎች ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ስሙን በንቀት ይጠሩበት ስለነበር፣ ዛሬ «ነገደ ወይጦ» የሚለው አጠራር ተመራጭ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በአካባቢው ያለፈው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ቋንቋቸው ከሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ጻፈ፤ ቃላቱን ግን አልመዘገበም። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮክ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር። በዚህም ምክንያት የቋንቋውን ዘር በእርግጠኝነት መለየት አልተቻለም።

በደቡብ ኢትዮጵያም ወይጦ የሚባል ወንዝ አለ። ይሁን እንጂ የስም መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም፤ ማስረጃ የሚሆነን የተመዘገበ ቃል ነው። እንግዲህ ከአረጋውያን የምንሰማውን ሳይረፍድ እንጻፍ።