ሯጩ ኳስ ሲቀበል

(ቱላ፣ ሀዋሳ። አዛውንቱ ካሊፎርኒያ ብዙ ዓመት ኖረው የተመለሱ ናቸው፤ ወጣቱ የሰፈሩን ታዳጊዎች ኳስ ያሰለጥናል።)

ወጣት፦ ጋሼ፣ ትናንት የአሜሪካኖቹን ፉትቦል በስልኬ ሳይ አመሸሁ። ሰው በሰው ላይ ይከመራል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ እንደገና ይሰለፋሉ። እርስዎ ምኑ ነው የሚያስደስትዎት?

አዛውንት፦ ክምሩን ብቻ ካየህማ ምንም የለውም። ከኳስ ወርዋሪው፣ ከኳርተርባኩ፣ ጎን ወይም ኋላው የሚቆመውን ሰው አይተኸዋል? ራኒንግ ባክ ይሉታል።

ወጣት፦ ኳሱን አቅፎ ክምሩ ውስጥ የሚገባው?

አዛውንት፦ እሱ ነው። አጥቂዎቹ አራት ሙከራ ይሰጣቸዋል፤ በአራቱ 10 ያርድ፣ 9 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ መግፋት አለባቸው። ድሮ የዚህ ሰው ሥራ ኳሱን ከእጅ ተቀብሎ መሮጥ፣ መጋጨት፣ መውደቅ ነበር። ኳስ ወደ ፊት መወርወር ራሱ እስከ 1906 ክልክል ነበር። ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምነግርህ። ሜዳ ላይ የሚሞቱ ልጆች ሲበዙ ነው ሕጉ የተለወጠው።

ወጣት፦ ዳር ዳሩን የሚሮጡ ፈጣን ተቀባዮች እያሉላቸው ለሯጩ ለምን ይወረውሩለታል?

አዛውንት፦ ቁጥሩን አስላው። በአንድ ወገን 11 ናቸው። ከፊት የሚሰለፉት አምስት ግዙፎች የተወረወረ ኳስ እንዲይዙ ሕጉ አይፈቅድም። ኳርተርባኩ ወርዋሪ ነው። አምስት ሰው ቀረ። ሯጩ መቀበል የማይችል ከሆነ ተከላካዮቹ አራቱን ብቻ ይጠብቁና የተረፈውን ሰው ኳርተርባኩ ላይ ይለቁበታል። የሚችል ከሆነ ግን የሚከታተለው ሰው ሊመደብለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመደበው ላይንባከር የሚሉት ነው። እሱ ደግሞ የተመረጠው ሯጭ ይዞ እንዲጥል ስለሆነ ከባድ ነው፤ ሰፊ ሜዳ ላይ ከቀልጣፋ ሰው ጋር ብቻውን ሲፋጠጥ ያሳዝናል። አሰልጣኙ ቀጠን ያለ ፈጣን ተከላካይ ካስገባ ደግሞ ሯጩ በመሃል ይመጣበታል፣ ያኔ ክብደቱ አይመጥንም።

ወጣት፦ እንደ አዳነ ግርማ በሉኛ። ከሀዋሳ ወጥቶ አማካይም አጥቂም ሆኖ ተጫውቷል።

አዛውንት፦ አዳነን አነሳህብኝ! ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በ10 ሰው ቀርተን፣ ዛምቢያ ላይ አቻ ያደረገን እሱ ነው። ግን ምሳሌህ ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው። አዳነ አማካይ ሆኖ ሲሰለፍ አማካይ መሆኑን ተጋጣሚው ያያል። ይኸኛው ግን ቦታ አይቀይርም። ያችው ቦታ ላይ እንደቆመ፣ ኳሱ እስኪነሳ ድረስ ሊሮጥ ይሁን፣ ወርዋሪውን ሊከላከል ይሁን፣ ሊቀበል ይሁን አይታወቅም። ጉዱ እዚያ ላይ ነው።

ወጣት፦ እስቲ አንዱን እንዳየው አድርገው ይንገሩኝ።

አዛውንት፦ ስክሪን የሚሉት አለ። ኳሱ ይነሳል። የፊት ግዙፎቹ ለአፍታ ይታገሉና ሆን ብለው ይለቃሉ። አሳዳጆቹ አገኘነው ብለው ኳርተርባኩ ላይ ይሮጣሉ፤ እሱም የደነገጠ መስሎ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይላል። በዚህ መሃል ሯጩ አንዱን በትከሻው ነካ አድርጎ፣ ሥራው ያለቀ መስሎ ወደ ጎን ሹልክ ይላል። ኳሷ በአሳዳጆቹ አናት አልፋ እጁ ትገባለች። ዞር ሲል የራሱ ግዙፎች ከፊቱ መንገድ እየጠረጉ ነው፣ አሳዳጆቹ ደግሞ ኋላ ቀርተዋል። ኳሱን የያዘው ጨዋታው ከተጀመረበት መስመር በስተኋላ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ 20 ያርድ ሊበላ ይችላል። የተጠቀሙት የተከላካዮቹን ጉጉት ነው።

ወጣት፦ ይህን ማን አመጣው?

አዛውንት፦ ስክሪኑ የቆየ ነው። ብዙ አሰልጣኞች ግን ለሯጭ የሚወረወረውን ኳስ ሌላው ሁሉ ሲዘጋ የሚሞከር አድርገው ነበር የሚያዩት። እኔ እዚያ በነበርኩበት ዘመን የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ አሰልጣኝ ቢል ዋልሽ አጭር ውርወራን በሩጫ ፈንታ ተጠቀመበት፣ ከመጀመሪያውኑ የእቅዱ አካል አደረገው። ሮጀር ክሬግ የሚባል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ እያነሳ የሚሮጥ ሰው ነበረው። በ1985 በሩጫ 1,050፣ በመቀበል 1,016 ያርድ ሄደ፤ በአንድ የውድድር ዘመን ሁለቱንም ከ1,000 በላይ ያደረሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። ማርሻል ፎክ በ1999፣ ክርስቲያን ማካፍሪ በ2019 ደገሙት።

ወጣት፦ እንግዲያው ብዙ የሚቀበል ሯጭ ያለው ቡድን ያሸንፋል ማለት ነው።

አዛውንት፦ የለም፣ የለም። ማካፍሪ በዚያ ዓመት 116 ኳስ ያዘ፤ ቡድኑ ካሮላይና ግን ከ16 ጨዋታ 11ዱን ተሸነፈ። ኳርተርባክ መግቢያ ሲያጣ ቅርቡ ላለው ሰው ይወረውራል። እየተመራህ ስትጫወት ደግሞ ተጋጣሚህ አጭሩን ኳስ እያወቀ ይለቅልሃል፤ ሰዓቱ ለእሱ ይሠራለታላ። ቁጥር ብቻ አትቁጠርልኝ። ተቃራኒውንም አይቻለሁ። በ2017ቱ ሱፐር ቦውል፣ በፍጻሜው ጨዋታ ማለት ነው፣ አትላንታ ኒው ኢንግላንድን 28 ለ 3 እየመራ ነበር። ጄምስ ዋይት የሚባለው የኒው ኢንግላንድ ሯጭ ያን ማታ ኳስ ይዞ የሮጠው 6 ጊዜ ብቻ ነው፤ የተቀበለው ግን 14 ጊዜ። የአትላንታ ተከላካዮች 93 ሙከራ ተከላክለው እግራቸው ዛለ። 34 ለ 28 አለቀ፤ በተጨማሪ ሰዓት ያሸነፉበትን ነጥብም ራሱ ዋይት ነው ሮጦ ያስቆጠረው። የአንድ ቀን ጨዋታ ነው፣ ግን እኔ ከክሬግ ዓመት ይልቅ እሱን ነው የማደንቀው።

ወጣት፦ እንዲህ ያለ ሰው ሲሰለጥን መጀመሪያ መያዝ ይማራል?

አዛውንት፦ መጀመሪያ መከላከል። ኳሱ ሲነሳ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ተጋጣሚው ነው፦ ወርዋሪዬ ላይ የሚመጣ ትርፍ ሰው አለ? ካለ ፊቱ ቆሞ ያስቀረዋል፤ ከሌለ ይወጣል። ይህን ዘሎ የወጣ ሯጭ ኳስ አይደርሰውም፤ ወርዋሪው ተመትቶ ወድቋል። ከዚያ እጅ፦ ከደረት በላይ የመጣውን አውራ ጣቶችን አቀራርቦ፣ ከወገብ በታች የመጣውን ትንንሽ ጣቶችን አቀራርቦ። ብዙ ኳስ የሚወድቀው ሰውየው ሳይዝ ወዴት ልሩጥ ብሎ ቀና ስለሚል ነው።

ወጣት፦ ዛሬ ማታ ደግሜ አየዋለሁ። የቱን ልከታተል?

አዛውንት፦ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ሯጩን ወደ ዳር ሲልኩት ጠብቅ። እንዲያ የሚልኩት ተከላካዮቹ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ነው። ላይንባከሩ ተከትሎት ከወጣ ተከላካዮቹ ሰው ለሰው ተያይዘዋል፤ ማንም ካልተከተለው የሚጠብቁት ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ካየህ፣ ዓይንህን ከሯጩና ከላይንባከሩ አትንቀል።