ዘመድ የሚመስሉ ባዳዎች፦ ስፖንጅ፣ ጄሊፊሽና ባለሚዶዎቹ

በአንድ ስም የተጠሩ ሦስት ወገኖች

የእንስሳት አመዳደብ ሲጀመር ተማሪ ቀድሞ የሚያገኛቸው ስፖንጅና ጄሊፊሽ ናቸው። ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው፤ ስፖንጅ ከታች፣ ሰው ከላይ። ለሽምደዳ ያመቻል። ችግሩ እነዚህን ፍጥረታት በሌላቸው ነገር ብቻ እንድናውቃቸው ማድረጉ ነው፤ አንጎል የላቸውም፣ ደም የላቸውም፣ አጥንት የላቸውም እንላለን። ሁለት ሰዎች መሬት ስለሌላቸው ብቻ ወንድማማች አይባሉም፤ ምደባም እንዲሁ ነው፤ መታየት ያለበት ያላቸው ነገር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሦስቱን ወገኖች በአንድ ያጠቃለለ ሲለንተራታ የሚባል ሰፊ ምድብ ነበር፤ ዛሬም ስሙ በአሮጌ መጻሕፍት አለ። ኦስትሪያዊው በርትሆልድ ሃትሼክ በ1888 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስፖንጆችን፣ ናይዳሪያን (የጄሊፊሽ ወገኖችን) እና ቴኖፎራን (ባለሚዶዎቹን) ለያይቶ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፋይለም (ዋና ምድብ) ሰጣቸው። የምንከተለው ይህንን ነው።

ስፖንጅ፦ የማያቋርጥ ማጣሪያ

በስቅለት ታሪክ ሆምጣጤ የተነከረበት ሰፍነግ የዚህ እንስሳ አጽም ነው። ዛሬ ወጥ ቤት ያለው አብዛኛው ስፖንጅ ግን ፋብሪካ የሠራው ነው፤ ከባሕር ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

እንስሳው ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ለረጅም ዘመን ሰዎች ዕፅዋት ይመስላቸው ነበር። በኋላ የወጣቱ ዳርዊን አስተማሪ የሆነው ሮበርት ግራንት በ1825 ስፖንጅን በማጉያ መነጽር ሲመለከት ከትልቁ ቀዳዳ ውሃ ሳያቋርጥ ሲተፋ አየ። ውሃው የሚገባው በገላው ላይ በተበተኑት እልፍ ደቃቅ ቀዳዳዎች ነው። ውስጡን ያለበሱት ሕዋሳት እያንዳንዳቸው አንዲት ጅራፍ መሰል ክር አላቸው፤ በክሯ ዙሪያም አንገትጌ አለ። ክሮቹ ሲወዛወዙ ውሃው ይነዳል፣ አንገትጌው ባክቴሪያን ይይዛል፣ ምግቡ በሕዋሱ ውስጥ ይፈጫል። ሆድ አያስፈልግም፤ አፍም የለም። ጡንቻና ነርቭ ባይኖረውም ሥራው አይስተጓጎልም።

በ1907 አሜሪካዊው ሄንሪ ዊልሰን አንድ ስፖንጅ በቀጭን የሐር ጨርቅ ጨምቆ ሕዋሳቱን በታተናቸው። ሕዋሳቱ በሳህኑ ላይ እየተሳቡ ተፈላለጉ፣ ተያያዙ፣ ቀስ በቀስም እንደገና ስፖንጅ ሆኑ። ይህን አከርካሪ አጥንት ባለው እንስሳ ሞክሩት፤ አይሆንም። እኔ ስፖንጅን «ኋላ ቀር» የሚለው ቃል የማይዋጥልኝ ስለዚህ ነው።

ስፖንጆች የሚከፋፈሉት በዋናነት በአጽማቸው ነው። አንዳንዶቹ የኖራ መርፌ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ የሲሊካ፤ ገላ መታጠቢያ የሚሆኑት ደግሞ ስፖንጂን የሚባል ለስላሳ የፕሮቲን መረብ ብቻ ነው ያላቸው። ሁሉም አጣሪ ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም፤ በ1995 በሜድትራኒያን ዋሻ ውስጥ ትናንሽ ክሩስታሴዎችን (የሸርጣን ወገኖችን) በመንጠቆ እየያዘ የሚበላ ስፖንጅ መኖሩ ታወቀ። ለደም ካንሰር የሚሰጠው ሳይታራቢን የሚባለው መድኃኒትም መነሻው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከካሪቢያን ስፖንጅ የተለዩ ውህዶች ናቸው።

ናይዳሪያ፦ የሚተኮስ ክር

ጄሊፊሽ፣ ኮራል፣ ሃይድራና የባሕር አኔሞን መልካቸው ይለያያል። አንድ የሚያደርጋቸው መሣሪያቸው ነው። በሕዋሳቸው ውስጥ ትንሽ ከረጢት አለች፤ በከረጢቷ ውስጥ የተጠቀለለ ባዶ ክር አለ። ውስጧ ያለው ግፊት 150 ባር ያህል ይደርሳል። አንድ ነገር ሲነካት ክዳኗ ይከፈትና ክሩ ተገልብጦ ይወጣል፣ ቆዳ ይበሳል፣ መርዝ ያስገባል። በሃይድራ ላይ በተደረገ ልኬት የመጀመሪያው ምት ከአንድ ማይክሮሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። ይህ ያለ አንጎል ትእዛዝ የሚሆን ስለሆነ አሸዋ ላይ የሞተ ጄሊፊሽም ሊለበልብ ይችላል፤ ልጆች እንዳይነኩት።

የጄሊፊሽ ሕይወት ደግሞ ሁለት መልክ አለው። በየባሕሩ የሚታወቀውን ኦሬሊያን እንውሰድ። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ፖሊፕ ይሆናል፤ አፉ ወደ ላይ፣ ክንዶቹ በዙሪያው። ፖሊፑ ጊዜው ሲደርስ ቁልቁል እንደተደራረቡ ሳህኖች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ሳህን ተላቆ እየዋኘ ሲሄድ ሜዱሳ፣ ማለትም እኛ የምናውቀው ጄሊፊሽ ይሆናል። ኮራሎችና አኔሞኖች ሜዱሳ የሚባለው ደረጃ ፈጽሞ የላቸውም፤ ፖሊፕ ሆነው ይኖራሉ። ምደባውም በአብዛኛው ከዚህ ይነሣል፤ አንቶዞአ ፖሊፕ ብቻ፣ ስኪፎዞአ ሜዱሳው የገነነባቸው፣ ኪዩቦዞአ መርዘኞቹ ባለ አራት ማዕዘን ጄሊፊሾች፣ ሃይድሮዞአ ደግሞ ቅይጥ።

በእስራኤል፣ በአሽዶድና በአሽቀሎን የሚኖሩ ወገኖቻችን በበጋ የሚያስመርራቸው «ሜዱዛ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ሮፒለማ ኖማዲካ ይባላል። መነሻው ከሕንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር ወገን ነው፤ በ1869 በተከፈተው የስዊዝ ቦይ አልፎ በ1970ዎቹ በሜድትራኒያን ታየ። ዛሬ በመንጋ ይመጣል፤ በ2011 በሐዴራ የኃይል ማመንጫ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ዘግቶ ሠራተኞች በቶን ሲዝቁት ነበር። የለበለባችሁ እንደሆነ ቦታውን በባሕር ውሃ እጠቡት፤ በአሸዋ አትሹት፣ በቧንቧ ውሃም አታጥቡት፤ ሁለቱም ያልተኮሱትን ከረጢቶች ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

ባለሚዶዎቹና ያልተዘጋው ክርክር

ቴኖፎራ ከሩቅ ሲታዩ ጄሊፊሽ ናቸው፤ ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ሌላ ናቸው። በገላቸው ላይ እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደሩ ፀጉሮች ያሉባቸው ስምንት መስመሮች አሉ፤ የሚዋኙትም በእነዚህ ነው። አብዛኞቹ የሚናደፍ ክር የላቸውም፤ ታዳኛቸውን የሚይዙት በሚያጣብቅ ሕዋስ ነው። ገር ይመስላሉ እንጂ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመርከብ ማመጣጠኛ ውሃ ከአሜሪካ ወደ ጥቁር ባሕር የገባው ኒሚዮፕሲስ የሚባለው ዝርያ የዓሣ ምግብና እንቁላል እየጨረሰ የአንቾቪ ዓሣ አስጋሪነት እንዲወድቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። ልኩን ያሳየው በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው ቤሮዬ የሚባል ሌላ ባለሚዶ ነው፤ እየዋጠ ቀነሰው።

አሁን ክርክሩ እዚህ ላይ ነው፤ ከሌሎች እንስሳት ሁሉ ቀድሞ የተለየው ስፖንጅ ነው ወይስ ባለሚዶ? ባለሚዶዎች ነርቭና ጡንቻ አላቸው፤ ስፖንጅ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያነሣነው ከታች ወደ ላይ የሚወጣው መሰላል ስፖንጅን ከታች አስቀምጧል። በ2023 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ግን የትኞቹ ጂኖች በአንድ ክሮሞሶም ላይ አብረው እንደሚገኙ በእንስሳትና እንስሳት ባልሆኑ ነጠላ ሕዋስ ዘመዶቻቸው መካከል አነጻጽሮ፣ ከሌሎች እንስሳት ሁሉ መጀመሪያ የተለዩት ባለሚዶዎች ናቸው ብሏል። እውነት ከሆነ ወይ ነርቭ በታሪክ ሁለት ጊዜ ለየብቻው ተፈጥሯል፣ ወይ ስፖንጅ የነበረውን ነርቭ ጥሏል። በዚያው ዓመት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት የኒሚዮፕሲስን አንድ የነርቭ መረብ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ሕዋሳቱ እንደ እኛ በክፍተት ተለያይተው መልእክት የሚቀባበሉ ሳይሆኑ፣ እርስ በርስ ተዋህደው ቀጣይ መረብ የሠሩ ሆነው አገኛቸው። ሁለት ጊዜ ተፈጥሯል ለሚሉት ይህ ያደላል፤ ስፖንጅ ይቀድማል የሚሉት ተመራማሪዎች ግን ገና እጅ አልሰጡም።