የጤፍ ቅንጣት ብርቱካን ስታህል፦ ጥቃቅን አሻንጉሊቶችን ፎቶግራፍ የማንሳት ፊዚክስ

ጃፓናዊው ታትሱያ ታናካ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 በየቀኑ አንድ አዲስ ፎቶግራፍ ለሕዝብ ማቅረብ ጀመረ። በፎቶግራፎቹ ውስጥ ቁመታቸው 2 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ የፕላስቲክ ሰዎች በቤት ዕቃና በምግብ መካከል ኑሯቸውን ሲኖሩ ይታያሉ፤ ብሮኮሊ የተባለው አትክልት ለምሳሌ ጥላ የሚሰጥ ትልቅ ዛፍ ይሆንላቸዋል። ከእርሱ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ስሊንካቹ በሚል ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊ ተመሳሳይ አሻንጉሊቶችን በለንደን ጎዳናዎች ላይ እያስቀመጠ ማንሳት ጀምሮ ነበር። ሥራው የሥነ ጥበብ ነው። እኛን የሚስበን ግን አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ ፎቶግራፍ ማስመሪያ ይዞ አይወጣም፤ ታዲያ የምናየው ነገር ትንሽ መሆኑን ዓይናችን በምን ያውቃል?

በመለኪያው እንጀምር። አሻንጉሊቶቹ በመጀመሪያ የተሠሩት የባቡር ሞዴል ለሚገጣጥሙ ሰዎች ሲሆን በስፋት የሚታወቀው መጠናቸው 1 ለ87 ነው። 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው ለ87 ሲካፈል 20 ሚሊሜትር፣ ማለትም የክብሪት እንጨት ግማሽ ያህል ይሆናል። አሻንጉሊቱን ማግኘት ያልቻለ አንባቢ ከሰም ወይም ከጭቃ ሊሠራው ይችላል።

አሁን ደግሞ የቤት ዕቃችንን በ87 እናባዛ። 5 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው የቡና ስኒ ከ4 ሜትር የሚበልጥ ግንብ ይሆናል። 1 ሴንቲሜትር የምትረዝም የቡና ፍሬ 87 ሴንቲሜትር የሆነች ቋጥኝ ነች። ወርዱ 55 ሴንቲሜትር የሆነ እንጀራ 48 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ነው፤ 3 ሚሊሜትር የሆነው ዓይኑም 26 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይሆናል። 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነችው የጤፍ ቅንጣት ደግሞ መካከለኛ ብርቱካን ታህላለች። ይህን ስሌት መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። እኛ በመጀመሪያ ሙከራችን ቀይ አቧራማ መንገድ እንሠራለን ብለን በርበሬ ነሰነስን፤ በፎቶግራፉ ላይ የወጣው ግን የቡጢ ግማሽ በሚያህል ጠጠር የተሞላ ስፍራ ነበር። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ቅንጣት 4 ሴንቲሜትር እንደሚሆን አላሰብንም። በወንፊት ደጋግመን የነፋነው ሽሮ ግን አፈር መሰለ።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ አስተማሪ ነው። አሻንጉሊቱን ከስኒው አጠገብ አቁመን ስናነሳው ፊቱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከኋላው ያለው ስኒ ግን በጉም የተሸፈነ መሰለ። የሌንሳችን የትኩረት ርቀት 50 ሚሊሜትር፣ መክፈቻው ኤፍ 4 ነበር፤ ይህም ማለት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት 50 ለ4 ሲካፈል፣ 12.5 ሚሊሜትር ነው። የ20 ሚሊሜትሩ አሻንጉሊት ምስል በካሜራው ሴንሰር ላይ 10 ሚሊሜትር እንዲሆን ስንፈልግ ሌንሱ ከአሻንጉሊቱ 15 ሴንቲሜትር ላይ መቆም አለበት። ሴንሰሩ 24 በ36 ሚሊሜትር ቢሆንና እስከ 0.03 ሚሊሜትር የሚደርስን ድብዝዝታ ዓይን እንደማይለየው ብንቀበል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 1.4 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። በዚያው ሌንስ እውነተኛ ሰው ከ9 ሜትር ገደማ ርቀት ብናነሳ ግን ጥልቀቱ 9 ሜትር ያህል ነው።

ምክንያቱን ያለ ቀመር ለመረዳት ራሳችንን በአሻንጉሊቱ ቦታ እናድርግ። ሁሉም ነገር በ87 ሲያድግ ሌንሱ 13 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ቀዳዳው ግን ከ1 ሜትር በላይ የሆነ መስኮት ይሆናል። የመስኮቱ የቀኝ ጠርዝና የግራ ጠርዝ ስኒውን ከተለያየ አቅጣጫ ያዩታል፤ እነዚያ ሁሉ እይታዎች በአንድ ምስል ላይ ሲደራረቡ ስኒው ይደበዝዛል። እውነተኛ ሰው በ1 ሜትር መስኮት ተመልክቶን አያውቅም። ስለዚህም ዓይናችን የደበዘዘውን ጀርባ ሲያይ ወዲያውኑ «ይህስ ትንሽ ነገር ነው» ይላል።

እንግዲያው ቀዳዳውን እናጥብበው። በኤፍ 16 ጥልቀቱ ወደ 6 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ወደ ኤፍ 32 ብንሄድስ? እዚህ ላይ ሌላ ሕግ ይመጣል። ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ይህ ዲፍራክሽን የሚባለው ነው። በዚህ ርቀት በኤፍ 16 አንዲት ነጥብ በሴንሰሩ ላይ 0.03 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ክብ ትሆናለች፤ በኤፍ 32 ደግሞ እጥፉን ታክላለች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር እኩል ይደበዝዛል። ዓለሙን በ87 አሳነስን፤ የብርሃን የሞገድ ርዝመት ግን ከእኛ ጋር አላነሰም። ታጋሾች መውጫ አበጅተዋል፤ ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ትኩረቱን በጥቂት በጥቂቱ እየለወጡ ብዙ ፎቶግራፎች ያነሱና የየአንዱን ጥርት ያለ ክፍል በኮምፒውተር ያዋህዳሉ። ትዕግሥት ለሌለው ደግሞ፣ የካሜራ ወዳጆች ቅር ቢላቸውም፣ የእጅ ስልክ ይሻላል። ቀዳዳው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነውና።

ውኃም እንደ ብርሃን እምቢተኛ ነው። በአሻንጉሊቱ እግር ሥር ወንዝ ለመሥራት ውኃ ብናፈስስ የገጽ ውጥረቱ ወደ ጠብታ ይሰበስበዋል። በውኃ ላይ የገጽ ውጥረትና የስበት ኃይል የሚመጣጠኑት 2.7 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ውጥረቱ ያይላል። የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት 3 ሚሊሜትር እንኳ ስለማይሞላ ጠብታዋ ጭንቅላቱን አክላ ቁጭ ትላለች። ለወንዙ የተጨማደደ ሰማያዊ ፌስታል ይበቃል።

ጥላ ግን ይታዘዛል። ፀሐይ ለእኛ ግማሽ ዲግሪ ያህል ሆና ትታየናለች፤ የጥላ ጠርዝ ጥርት የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። 6 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አምፖል በጠረጴዛ ላይ ፀሐይን ለመምሰል 6 ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ ክፍላችን ለዚህ አልበቃም። 3 ሚሊሜትር የሆነ የስልክ ባትሪ መብራት ግን በ32 ሴንቲሜትር ላይ ያንኑ ግማሽ ዲግሪ ይሰጣል። ከዚያ አቅርበን ስንይዘው የጥላው ጠርዝ ይሟሟል፤ ስናርቀው ይሰላል።

ለመልመጃ ያህል፦ አሻንጉሊቱ ከስኒው አፋፍ ሲወድቅ በቪዲዮ ብንቀርጸው መሬት የሚደርሰው በ0.1 ሰከንድ ነው። ከ4 ሜትር በላይ ከሆነ ግንብ የወደቀ ሰው እንዲመስል ቪዲዮውን ስንት ጊዜ ማዘግየት ይገባናል? መልሱ 87 አይደለም።