ምዕራፍ ስምንት፦ ዣንጥላው ከተከፈተ በኋላ

ስለ ፓራሹት ዝላይ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ዣንጥላው አልከፈት ቢልስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በሙያው የቆዩ አሠልጣኞችን የሚያሳስባቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በዘመናችን በዚህ ስፖርት ሕይወታቸውን ከሚያጡት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት የሚሞቱት ዣንጥላቸው በደንብ ተከፍቶ፣ አንድም ገመድ ሳይጠላለፍ፣ ማረፊያቸውን ቁልጭ አድርገው እያዩ ነው። ከእነዚህም መካከል መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ የዘለሉ አሉ።

አንባቢዬ በዕድሜህ ከአውሮፕላን ላትዘል ትችላለህ። ነገር ግን ከከፍታና ከፍጥነት ጋር የማይውል ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ሞተር የሚነዳው አለ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ የሚለስነው አለ፣ የማያውቀው ንግድ ውስጥ ቤቱን አስይዞ የሚገባው አለ። ስለዚህ ዘላዮቹ በውድ ዋጋ የተማሩትን እኛ በነፃ ብንወስደው አይከፋም።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንይ። ዘላዩ ከ4,000 ሜትር አካባቢ ከአውሮፕላኑ ይወጣል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ ዣንጥላውን ይከፍታል። ይህ ዣንጥላ እንደ ጥንቱ ክብ ሆኖ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ አይደለም። አራት ማዕዘን ነው፣ አየር ሞልቶት ክንፍ ይሆናል፣ ወደፊት ይበራል። ዘላዩ በሁለት እጁ በያዛቸው መሪ ገመዶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ገመዱን በኃይል ስበህ ስታዞረው ክንፉ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ አንተም በገመዱ ጫፍ ወደ ውጭ ትወረወራለህ። ክንፉ ተመልሶ ከራስህ በላይ እስኪስተካከል ድረስ ከፍታ ይበላል። በ1,000 ሜትር ላይ ይህ ጨዋታ ነው። በ30 ሜትር ላይ ግን የሚበላው ከፍታ የለም።

አንዳንዶች ይህን መዞር ሆን ብለው ያደርጉታል። ከመሬት አጠገብ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየተምዘገዘጉ የኩሬ ውኃ በእግራቸው ጫፍ ሰንጥቀው ያርፋሉ፤ ውድድርም አለው። ሌሎቹ ግን ሳያስቡት ይገቡበታል። ነፋስ ከጀርባቸው ሆኖ እየወረዱ መሆኑን ወይም ከፊታቸው አጥር መኖሩን በመጨረሻዋ ሰዓት ያዩና በድንጋጤ አንዱን ገመድ ይጎትታሉ። ለተማሪ ከሚነገሩት ትምህርቶች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው፦ ዝቅ ካልክ በኋላ አቅጣጫህ ልክ ባይሆንም እንኳ ክንፍህን ቀጥ አድርገህ፣ እግርህንና ጉልበትህን ገጥመህ ውረድና ተንከባለል። በተሳሳተ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ያረፈ ሰው ይላላጣል፣ ቢከፋ ይሰበራል። ትክክለኛውን አቅጣጫ ፍለጋ መሬት አጠገብ የሚዞረው ግን ይሞታል። ስንቱ ሰው ነው በሕይወቱ ትንሹን ውርደት ለመሸሽ ሲል ትልቁን አደጋ የሚጠራው?

መሣሪያው ባለፉት አሥርተ ዓመታት እጅግ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሙት ክሎት የተባለ ጀርመናዊ ሳይፕረስ የሚባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ዘላዩ ራሱን ስቶ ወይም ከፍታውን ረስቶ ወደ 225 ሜትር ግድም በነፃ ውድቀት ፍጥነት ቢደርስ መሣሪያው መጠባበቂያውን ዣንጥላ በራሱ ያስከፍታል። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ በዓመት በአማካይ ከ40 በላይ ዘላዮች ይሞቱ ነበር፤ በ2023 ከ3.6 ሚሊዮን በሚበልጡ ዝላዮች የሞቱት 10 ናቸው። ታላቅ ለውጥ ነው። ዣንጥላህ ተከፍቶ መሪው በእጅህ ባለበት ሰዓት ግን ከዝቅተኛ መዞር የሚያድንህ መሣሪያ የለም። ዋናውን ዣንጥላ በቅጽበት የሚያላቅቀውን ባለ ሦስት ቀለበት መሣሪያ የፈለሰፈው ቢል ቡዝ የታዘበው ይህንኑ ነው፤ መሣሪያው ይበልጥ አስተማማኝ በሆነ ቁጥር ዘላዩ በዚያው ልክ ድፍረቱን ይጨምራል፣ የተረፈውንም ደኅንነት መልሶ ይበላዋል።

ድፍረቱ የሚታየው በዣንጥላ ምርጫ ነው። የተማሪ ዣንጥላ ከ20 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ቀስ ብሎ ይበራል፣ ስህተትንም ይችላል። የውድድር ሰዎች የሚበሩበት ከ8 ካሬ ሜትር ያነሰ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የዓመታት መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ፈቃድ በ25 ዝላይ፣ ከፍተኛው በ500 ዝላይ ይገኛል። ችግሩ የሚመጣው ጀማሪው መፍራቱን ሲያቆም፣ ግን ገና ብዙ ሳያውቅ ነው። ብዙ ጊዜ ቆሞ አርፏል፣ ጓደኞቹ አጨብጭበውለታል፣ ትንሹ ዣንጥላ ደግሞ ያምራል። እንደ ኔዘርላንድስ ያሉ አገሮች በዝላይ ብዛት ልክ የዣንጥላውን ስፋት በደንብ ወስነዋል። አንዳንድ ዘላዮች ይህን የነፃነት ገፈፋ ይሉታል፤ እኔ በደንቡ እስማማለሁ።

አሁን ይህን ዣንጥላ ወደ አዲስ አበባ ዳር፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እናምጣው። ፍሎሪዳ ውስጥ ዲላንድ በሚባለው ስመ ጥር የዝላይ ሜዳ ሺህ ጊዜ የዘለለ ሰው እንግዳችን ሆነ እንበል። የእሱ ሜዳ ያለው ባሕር ወለል አጠገብ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ጫፍ ያለችው ኮዬ ፈጬ ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ አየሩ ከለመደው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ዣንጥላ፣ ያው ሰውነት፣ ያው የገመድ አያያዝ ሆኖ ክንፉ በአንድ አሥረኛ ያህል ፈጥኖ ይበራል። መሪው እጁ ላይ የሚሰጠው ስሜት ግን አይለወጥም። ልዩነቱን የሚያውቀው መሬቱ ከጠበቀው ቀድሞ ሲመጣበት ነው።

ሌላም አለ። ነፋስ ሕንፃ ሲመታ ከሕንፃው ጀርባ ይበጠበጣል፤ የዘላዮች ግምት ብጥብጡ ከሕንፃው ቁመት አሥር፣ አንዳንዴም ሃያ እጥፍ ድረስ ይዘልቃል የሚል ነው። ጂ ፕላስ ሰባት ኮንዶሚኒየም 24 ሜትር ያህል ቢሆን፣ ከጀርባው ከ240 እስከ 480 ሜትር ድረስ አየሩ አይታመንም ማለት ነው። ኮዬ ፈጬ ውስጥ ብሎክ ከብሎክ እንዲህ ተራርቆ የት ይገኛል? ክንፍ የሆነውን ጨርቅ ወጥሮ የያዘው በውስጡ ያለው አየር ብቻ ነው፤ በተበጠበጠ ነፋስ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል። ሺህ ጊዜ የዘለለው እንግዳችን በእነዚህ ብሎኮች መካከል በከፊል ጀማሪ ነው። ኃላፊነት የሚሰማው ከሆነ ሰፋ ያለ ዣንጥላ ይከራያል፣ ከብሎኮቹ ርቆ ገላጣ ሜዳ ይመርጣል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ይቅርብኝ ይላል። ሺህ ዝላዩን እየቆጠረ የሚከራከር ከሆነ ግን እፈራለታለሁ።

ችሎታ የተገኘበት ቦታና ልክ እንዳለው አዲስ አበባ ቀደም ብላ አይታዋለች። ሂዩበርት ጁሊያን እ.ኤ.አ. በ1897 ትሪኒዳድ የተወለደ፣ በኒውዮርክ ሀርለም ስሙ የገነነ ጥቁር ዘላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 በሀርለም ሰማይ ላይ ቀይ ልብስ ለብሶ ዘለለና ካሰበው ባዶ ቦታ ርቆ ፖስታ ቤት ጣሪያ ላይ ወረደ። ሕዝቡ ወደደው። በ1924 ወደ አፍሪካ እበራለሁ ብሎ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባሰበ፤ «ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው አውሮፕላን ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ እዚያው ኒውዮርክ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ ወደ አገራችን መጣ። በተፈሪ መኮንን ፊት በፓራሹት ዘለለ፤ ዝላዩ አማረ፣ የኮሎኔልነት ማዕረግና የኢትዮጵያ ዜግነት አገኘ።

እስከዚህ ድረስ ጁሊያንን አደንቀዋለሁ። የዚያን ዘመን ፓራሹት ታጥቆ መዝለል የሚያስከብር ድፍረት ነው፤ አንገቱንም ያስያዘው የራሱን ነው። ነገር ግን ዘላይ መሆን አብራሪ መሆን አይደለም። ለተፈሪ የዘውድ በዓል ልምምድ ሲደረግ ለንጉሠ ነገሥቱ የተዘጋጀችውን ጂፕሲ ሞዝ የተባለች አውሮፕላን አስነሥቶ በረረባት፣ ከሰከሳትም። ራሱ ከአደጋው ተረፈ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውዱ ሲደፋ ኮሎኔሉ ከአገር እንዲወጣ ታዝዞ ነበር። እሱ እንደሚለው አውሮፕላኗን ያበላሹበት ተንኮለኞች ነበሩ።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው አገር፣ ሁለት ወጣቶች ከፈረንሳውያን አሠልጣኞች ጋር ሆነው በረራ ይማሩ ነበር። አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ይባላሉ። ትምህርታቸውን ጨርሰው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ፤ ሚሽካ ኋላ የአየር ኃይሉ ኃላፊ እስከመሆን ደረሰ። የእነሱ ታሪክ ለጋዜጣ አይጥምም፤ ማንም ቀይ ልብስ አልለበሰም። ወደ ሥልጠና የሚገባ ወጣት ግን ምሳሌ ያድርግ ከተባለ እነሱን ያድርግ እላለሁ።

ከጁሊያን ታሪክ ውስጥ የሚቆጨኝ መከስከሱ አይደለም፤ ጎበዝ አብራሪም ይከሰከሳል። የሚቆጨኝ አውሮፕላኗ የእሱ አለመሆኗ ነው። «አደጋው የራሴ ነው» የሚል ሰው ከመናገሩ በፊት ማጣራት ያለበት ነገር አለ፦ በእርግጥ የራሱ ብቻ ነው ወይ? በዝላይ ሜዳ ላይ በፍጥነት የሚያርፈው ሰው ቀስ ብሎ ከሚያርፈው ጋር አየር ላይ ተጋጭቶ ሁለቱም የሞቱበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብዙ ሜዳዎች ለፈጣኖቹ የተለየ ማረፊያ ከልለዋል። መሞት መብቴ ነው የሚለው ክርክር ሌላው ሰው ማረፊያ ላይ ሲደርስ ያበቃል።

ኮዬ ፈጬ ላይም ይኸው ክርክር በየቀኑ አለ፣ ያለ ዣንጥላ። ቤት የደረሰው ሰው ፊኒሺንግ ያስጀምራል። ግድግዳ ይፈርሳል፣ ብሎኬትና አሸዋ በትከሻ ይወጣል፣ ፍርስራሹ በመስኮት ይወረወራል። በውጭ በኩል ለሳኙ ባሕር ዛፍ በምስማር የተመታበት መወጣጫ ላይ ቆሟል። ቀበቶ እሰር ሲሉት «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም» ይላል። እውነቱን ነው። ሃያ ዓመት የሠራው ግን በዚህ መወጣጫ ላይ አይደለም፤ ይህኛው ትናንት የታሰረ ነው፣ ያሰረውም ሌላ ሰው ነው። ከእሱ በታች ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ያልፋሉ። መዶሻው ከእጁ ቢያመልጥ የሃያ ዓመት ልምዱ አብሮት አይወርድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «የራስህ ኃላፊነት ነው» የሚለው ንግግር ከፎርማን ወይም ከቤት ባለቤት አፍ ሲወጣ እጠረጥረዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ «ሄልሜት አልገዛም» ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል፤ ሠራተኛውንም የተሰጠውን እንዲጠቀም ያስገድዳል። የአንዱ ግዴታ የሌላውን አያነሳም። ዘላዮቹም ቢሆኑ «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብለው ይፈርማሉ፤ ሆኖም አሜሪካ ውስጥ መጠባበቂያ ዣንጥላቸውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየ180 ቀኑ ፈትቶ መርምሮ መልሶ ማጠፍ አለበት። ከዚያ በኋላም ዘላዩ ከመውጣቱ በፊት ማሰሪያውን በራሱ እጅ ይፈትሻል።

ፍተሻው የሚደረገው ምድር ላይ ነው፤ ውሳኔውም እንዲሁ። ተማሪ ዘላይ ከመሳፈሩ በፊት አንድ ቁጥር በአእምሮው ይይዛል፤ 2,500 ጫማ፣ ማለትም 760 ሜትር ገደማ። እዚያ ከፍታ ሲደርስ ዋናው ዣንጥላ ካልተስተካከለ ማስተካከሉን ይተዋል፣ ቆርጦ ይጥለዋል፣ መጠባበቂያውን ይከፍታል። «ትንሽ ልሞክር» የለም። አየር ላይ ሆኖ የሚያስብ ሰው ሁልጊዜ ትንሽ ልሞክር ስለሚል ነው ቁጥሩ አስቀድሞ የተወሰነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉ አባቶቻችን ይህን ደንብ ያለ አስተርጓሚ ይረዱት ነበር። ለሳኙም እንዲህ ያለ ቁጥር ያስፈልገዋል፦ በስንት ወለል ላይ ያለ ቀበቶ አልሠራም? ነፋሱ ምን ያህል ሲሆን እወርዳለሁ? ሞተር የሚነዳው ወጣትም እንደዚሁ፤ ከመጠጣቱ በፊት እንጂ ከጠጣ በኋላ የሚወሰን ነገር የለም።

አንተስ? ነገ ኮዬ ፈጬ ካለው ቤትህ ፍርስራሽ የሚወርድ ከሆነ፣ ሠራተኞቹ መዶሻ ከማንሣታቸው በፊት ወደ ታች ውረድና መተላለፊያውን በገመድ እጠር፤ አላፊ አግዳሚውን የሚያስቆም አንድ ሰው አቁም፣ የቀኑንም ሒሳብ ከራስህ ኪስ ክፈለው።