የሚበሰብስ ማሸጊያ ወይስ ፕላስቲክ?

ጥያቄ፦ ቡና ቆልቼና ፈጭቼ፣ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በፕላስቲክ እያሸግሁ እሸጣለሁ። «የሚበሰብስ» የተባለውን ማሸጊያ ብጠቀም ለአካባቢ ይሻላል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የሚሻለው የሚበሰብስበት ቦታ ካለ ብቻ ነው። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ፒኤልኤ የተባለ ማሸጊያ በወጉ የሚፈርሰው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ባለበት የኮምፖስት ማምረቻ ነው። ጓሮ ወይም ማሳ ዳር ቢጣል ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ፕላስቲክና አሉሚኒየም የተደራረበበት ማሸጊያ ደግሞ የቡናውን ቃና በደንብ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ንብርብሩ ስለማይለያይ መልሶ ለመጠቀም ያስቸግራል። ሲቃጠል ጎጂ ጭስ ያወጣል፤ ሲጣልም ከብት ይበላዋል።

ቡናው ራሱ ተበላሽቶ ከተጣለ ግን የገበሬው ድካም፣ የተቆላበት ማገዶና ማጓጓዣው ሁሉ አብሮ ይባክናል። ስለዚህ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ደንበኞችዎ ጥቂት ጥቂት እየቆሉ፣ ፕላስቲክ ባልተለበጠ የወረቀት ከረጢት ይሽጡ። ጣሳ ይዞ ለሚመጣ ዋጋ ይቀንሱ። በፌስታል አይስጡ፤ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ወረቀቱንና የቡናውን አተላ ከእበትና ከገለባ ጋር ቢያብላሉት ለጓሮ አትክልት ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል።